ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ በሰው አገር ተምረው በዘይላ በር የተመለሱ ኢትዮጵያዊ



ይህን የኢዮቤልዩ መጽሔት ለማዘጋጀት በተሰበሰብንበት የመጀመሪያ ቀን፣ ስለ ማኅበራችን ሥራ ከሚወጡት ጽሑፎችና ፎቶግራፎች ጎን የአንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ የሕይወት ታሪክ ቢኖር መልካም ነው ብለን ተስማማን። የማንን የሚለው ግን አከራከረን። በመጨረሻ ምርጫችን በሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ላይ ያረፈው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በሕፃንነታቸው ከአገር ወጥተው በሰው አገር ያደጉና የተማሩ ናቸው። ሁለተኛ፣ ወደ አገራቸው የተመለሱት እኛ ዛሬ በምንኖርበት በዚህ ምድር፣ በዘይላ ወደብ በኩል ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ከየቤታችን የመጣ ነው። ከልጆቻችን መካከል ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው ለዩኒቨርሲቲ የደረሱ አሉ። ከፊሎቹ እ.ኤ.አ. በ2000 በተቋቋመው በሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲና በሌሎች የከተማዋ ኮሌጆች ይማራሉ፤ ከፊሎቹ ቶጎ ውጫሌን ተሻግረው ወደ ጅግጅጋ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ ባሕር ተሻግረው የሄዱም አሉ። እዚህ የሚማሩት እንደ ውጭ አገር ሰው ይቆጠራሉ፤ አገር ቤት የገቡትም ቢሆኑ አማርኛቸው ከሶማሊኛ ጋር ስለተቀላቀለ ጓደኞቻቸው ከየት መጣችሁ ይሏቸዋል። አያት ከጎንደር ወይም ከደሴ ስትደውል ሁለት ቃል ሰላምታ ሰጥቶ ስልኩን ለእናቱ የሚያቀብል ልጅ በስንቱ ቤት እንዳለ እኛው እናውቃለን። ልጁ ይማራል፣ ደስ ይለናል፤ ልጁ ይርቀናል፣ እንፈራለን። የሐኪም ወርቅነህ ታሪክ ይህንኑ ደስታና ይህንኑ ፍርሃት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ያሳያል።

ከመቅደላ የተወሰደው ሕፃን

ወርቅነህ የተወለደው በ1858 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ነው። ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ተጣልተው የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ሕፃኑ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ያህል ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ተሰበረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። በዚያ ትርምስ ከቤተሰቡ የተለያየውን ይህን ልጅ ቻምበርሌይን የሚባል አንድ የእንግሊዝ ጦር መኮንን አገኘው። ጦሩ ሲመለስም ይዞት ወደ ሕንድ አገር ሄደ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቻምበርሌይን ሞተ። ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ አሳዳጊ አልባ ሆነ ማለት ነው። ሆኖም ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለለት፤ በፑንጃብ አውራጃ በሚስዮን ትምህርት ቤት ገብቶም ተማረ። የተሰጠው ስም ቻርልስ ማርቲን ነበር፤ ይህም ካሳደጉት ሰዎች የተወረሰ ስም ነው። ወርቅነህ የሚለውን ስም የሚጠራው ሰው በአጠገቡ አልነበረም። ለአማርኛም እንዲሁ ነው፤ የሦስት ዓመት ልጅ አፉን የፈታበት ቋንቋ የሚያናግረው ካጣ በአጭር ጊዜ ይጠፋል። ወርቅነህ ያደገው በእንግሊዝኛና በአገሩ ሰዎች ቋንቋ በኡርዱ ነው።

ከዚያው ከመቅደላ ሌላም ልጅ ተወስዶ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ። በዕድሜ ከወርቅነህ ከፍ ይል ነበር፤ ሰባት ዓመቱ ነበር። ልዑሉ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው ያስቡለት ነበር። በራግቢ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። ከሁሉ የተመረጠ ትምህርት ቤት፣ ከሁሉ የከበረ ሞግዚት ነበረው። ነገር ግን አልለመደውም። በ18 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1879 በሊድስ ከተማ ታሞ አረፈ፤ አስከሬኑም በዊንድዘር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ተቀበረ። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ኢትዮጵያ ጠይቃለች፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ጥያቄውን እንደማይቀበል አስታውቋል።

ሁለቱን ልጆች አንድ ላይ ያነሳነው አንዱን ለማመስገን ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። የሞተው ልጅ ጥፋት አልነበረበትም። ነገር ግን ልጅን ወደ ውጭ ስንልክ ትምህርት ቤቱ ታዋቂ መሆኑና ወጪው መሸፈኑ ብቻ በቂ እንዳልሆነ የልዑሉ ታሪክ ያስተምራል። የሚያድርበት፣ የሚያናግረው፣ ሲታመም አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል።

በላሆር የሕክምና ኮሌጅ

ከዚህ በኋላ ስለ ወርቅነህ አንቱ እያልን እንጽፋለን፤ ልጅነታቸው አጭር ነበርና።

ላሆር በዚያ ዘመን በእንግሊዝ በሚገዛው ሕንድ ውስጥ የፑንጃብ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ በፓኪስታን ትገኛለች። የሕክምና ኮሌጅዋ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1860 ነው። ወርቅነህ ወደዚያ የገቡት ገና ጎረምሳ ሳሉ ነው። ሙሉ ሐኪም ለመሆን የሚያበቃው ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። በክፍሉ ያሉት ተማሪዎች ሂንዱዎች፣ ሙስሊሞች፣ ሲኮችና ክርስቲያኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ በከተማው ወይም በመንደሩ ዘመድ አለው፤ በበዓሉ ቀን የሚሄድበት ቤት አለው። ከኢትዮጵያ የመጣው ተማሪ ግን በዓሉን የሚያከብርበት የወገን ቤት አልነበረውም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምናውቀውን ነገር እናስታውስ። በሰው አገር ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ የመጀመሪያው ፈተናው መጽሐፉ አይደለም። ማታ ከክፍል ከወጣ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ምግቡ አይጥመውም፤ ቀልዱ አይገባውም፤ ሌሎች ሲስቁ እሱ ትርጉሙን ይፈልጋል። ይህን ጊዜ ተሻግሮ ትምህርቱን የሚይዝ አለ፤ ትምህርቱንም ጤናውንም የሚያጣ አለ። ወርቅነህ ተሻገሩት። እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቁ፤ ዕድሜያቸው 17 ዓመት ገደማ ነበር። ከዚያም በሕንድ የመንግሥት ሕክምና አገልግሎት ውስጥ ሥራ ያዙ።

ለዚህ የረዳቸው ምን እንደሆነ ስናስብ ሁለት ነገር ይታየናል። አንደኛው፣ የተማሩት ሙያ በየትም አገር ሰው የሚፈልገው ሙያ ነበር። ሁለተኛው፣ እስከ ሽምግልናቸው ያልተዋቸው ሥርዓታማነት ነው። በየቀኑ የዕለት ማስታወሻ የመጻፍ ልማድ ነበራቸው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ይህ ማስታወሻ ብዙ አሥርተ ዓመታትን የሚሸፍን ሲሆን፣ ዛሬ ስለ እሳቸው የሚያጠኑ ታሪክ ጸሐፊዎች ዋና ምንጭ ሆኗል።

እንደገና ተማሪ፤ በስኮትላንድ

ሰባት ዓመት ያህል ከሠሩ በኋላ ወርቅነህ እንደገና የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በላሆር ያገኙት ማስረጃ ከፍ ወዳለው የሕክምና ማዕረግ አያደርስም ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1889 ገደማ ወደ ስኮትላንድ ሄዱ።

በዚያን ጊዜ በኤዲንብራ የሚገኙት የሐኪሞችና የቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት ከግላስጎው ማኅበር ጋር ሆነው አንድ የጋራ ፈተና ማዘጋጀት ከጀመሩ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸው ነበር፤ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። ይህ ፈተና ሌላ ቦታ የተማረ ሰው ችሎታውን አስመስክሮ ፈቃድ የሚያገኝበት መንገድ ስለነበር ከቅኝ ግዛቶች የሚመጡ ሐኪሞች ይፈልጉት ነበር። ወርቅነህም በዚህ መንገድ የኤዲንብራንና የግላስጎውን ማዕረግ አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ1891 ወደ ምሥራቅ ተመልሰው በበርማ ተመደቡ።

ከአባሎቻችን መካከል አገር ቤት በዲግሪ ተመርቀው እዚህ ሲመጡ ወረቀታቸው እንደገና ይረጋገጥ የተባሉ፣ ወይም እዚህ ተምረው ሌላ አገር ሲሄዱ ከታች ጀምሩ የተባሉ አሉ። በዚህ ተበሳጭቶ ሙያውን የተወ ሰው ጥቂት አይደለም። ሐኪም ወርቅነህ ሥራ ይዘው፣ ደመወዝ እያገኙ ሳሉ ከእሳቸው በዕድሜ ከሚያንሱ ተማሪዎች ጋር ለፈተና መቀመጥን አልናቁም። ለብስጩው ተመራቂ ከዚህ የተሻለ ምክር የለንም።

በዘይላ በር

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተገኘው ድል ዜናው በዓለም ላይ ሲሰማ በርማ ያለውም ሐኪም ሰማ። የተወለዱበት አገር ነፃነቱን በገዛ ክንዱ ጠብቋል፤ እሳቸው ደግሞ ያንን አገር በስም ብቻ ነው የሚያውቁት። አገሩ ሐኪም እንደሚያስፈልገው ግን ግልጽ ነበር። ፈቃድ ወስደው ጉዞ ጀመሩ።

ከሕንድና ከኤደን ለሚመጣ መንገደኛ የዚያን ዘመን በር ዘይላ ነበረች። ምድር ባቡር ገና ድሬዳዋ አልደረሰም፤ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። በዘይላ የሶማሌ ባለ ግመሎች፣ የዓረብና የሕንድ ነጋዴዎች፣ ከሐረር የሚወርዱ ቡናና ቆዳ የጫኑ ቅፍለቶች ይገናኙ ነበር። መንገደኛው ከዚያ በግመል በረሃውን አቋርጦ ጊልዴሳ ይደርሳል፤ ጊልዴሳ ላይ ግመሉን በበቅሎ ለውጦ ዳገቱን ወደ ሐረር ይወጣል። ሐኪም ወርቅነህም በዚህ መንገድ ገቡ። በሐረር በኩል አልፈው እ.ኤ.አ. በ1899፣ ማለት በ1891 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነበሩ።

ዛሬ ከሐርጌሳ ተነስቶ ቶጎ ውጫሌ ላይ ፓስፖርቱን አስመትቶ በአንድ ቀን ጅግጅጋ የሚገባ ሰው ያንን ጉዞ ለመገመት ይቸግረዋል። ዘይላም ንግዷ ወደ ጅቡቲ ከተሳበ በኋላ ጸጥ ያለች ከተማ ሆናለች። ነገር ግን ወደዚያ የባሕር ዳርቻ የሚሄድ አባል ካለ፣ ከ31 ዓመት በኋላ አንድ ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ የገባበት በር መሆኑን እንዲያስታውስ አደራ እንላለን።

ሐኪሙ ይህን ምድር ሌላም ጊዜ አይተውታል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን ላይ እንግሊዝና ኢትዮጵያ በጋራ በዘመቱ ጊዜ ከዘማቹ ጋር በሐኪምነት ተጉዘዋል። ያ ጦርነት ለዚህ አገር ሕዝብ ብዙ መከራ ያመጣ በመሆኑ እዚህ በእንግድነት የምንኖር እኛ ስለ እሱ ብዙ መናገር አይገባንም፤ ስማቸው በዚያ መዝገብ ውስጥ መገኘቱን ግን መደበቅም አይገባም።

ጠባሳው

አዲስ አበባ ሲደርሱ ሐኪሙ አማርኛ አይችሉም ነበር። ልብሳቸው እንደ እንግሊዝ፣ ንግግራቸው እንደ እንግሊዝ፣ ስማቸውም ዶክተር ማርቲን ነበር። ከዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ጋር የተነጋገሩት በአስተርጓሚ ነው። ኢትዮጵያዊ ነኝ ማለታቸውን የሚያምን ሊኖር ይችላል፣ የማያምንም ሊኖር ይችላል፤ ማስረጃ አልነበራቸውም። የሠሩት ድንኳን ተክለው በሽተኛ በነፃ ማከም ነበር።

ያ ሥራ ዝናቸውን አወጣው፤ ዝናውም ወደ ዘመዶቻቸው ጆሮ ደረሰ። ከመቅደላ ጀምሮ የጠፋባቸውን ልጅ ያልረሱት አያታቸው ሐኪሙን ለማየት መጡ። ሰው በመልክ ሊሳሳት ይችላል፤ አያቲቱ የፈለጉት ጠባሳ ነበር። ልጁ በሕፃንነቱ በሰውነቱ ላይ የቀረ ምልክት ነበረው። ሐኪሙም ምልክቱ ነበራቸው። ስማቸው ወርቅነህ መሆኑን፣ የእሸቴ ልጅ መሆናቸውን የሰሙት ያን ጊዜ ነው። የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ነበሩ።

ይህን ክፍል ስናዘጋጅ ከእኛ መካከል ዝም ያለ እናት ነበረች። ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ይመስለናል። ሐኪም ወርቅነህን አያታቸው ያገኟቸው በቋንቋ አይደለም፤ ሁለቱ በቀጥታ ሊነጋገሩ አይችሉም ነበርና። ያገናኛቸው ጠባሳ ነው። የእኛ ልጆች ጦርነት አልወሰደብንም፤ በየማታው ከእኛው ጋር እራት ይበላሉ። አያትና የልጅ ልጅ እንዳይነጋገሩ የምናደርግ ከሆነ ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኛ ነው።

ሐኪሙ አማርኛን ያወቁት በጉልምስና፣ እንደ ባዕድ ቋንቋ ተምረው ነው። ቢሆንም ተምረውት አልተዉትም፤ ኋላ ለተማሪዎች የሚሆን የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ እስከ ማሳተም ደርሰዋል። የረሳ ሰው መልሶ መማር እንደሚችል ለልጆቻችን ማሳያ ይሁን።

የተማሩትን ማስተማር

ሐኪም ወርቅነህ ወዲያውኑ ጠቅልለው አልገቡም። የመንግሥት ሥራቸው በርማ ነበር፤ ጥቂት ቆይተው ወደዚያው ተመለሱ። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው መጡ፤ እንደገና ወደ በርማ ሄዱ፤ ጡረታቸውን ካገኙ በኋላ ግን ለመኖር ገቡ። ከወይዘሮ ቀጸላ ቱሉ ጋር ትዳር መሥርተው ብዙ ልጆች አፈሩ። ሄዶ መመለስ፣ ተመልሶ መሄድ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰው አገሩን የሚወደው ሁሌ አገሩ ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው ለሚሉን የሐኪሙን ታሪክ እንንገራቸው።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን አገሪቱን በአዲስ ሥርዓት ለማደራጀት ሲነሱ ሐኪሙ ከቅርብ ረዳቶቻቸው አንዱ ሆኑ፤ የአዛዥነትን ማዕረግም አገኙ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት የበላይ ኃላፊው አዛዥ ወርቅነህ ነበሩ። ከዚያ ትምህርት ቤት ወጥተው ወደ ውጭ አገር ለከፍተኛ ትምህርት የተላኩ ወጣቶች በኋላ በመንግሥት ሥራ ታላላቅ ቦታ ይዘዋል። የፍልውሃን መታጠቢያ አሠርተዋል፤ የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ በሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤት በዳኝነት ሠርተዋል፤ ከባርነት ነፃ የወጡ ልጆች እንዲማሩ ደክመዋል። በልጅነታቸው ባለቤት አልባ ሆነው በሰው እጅ ያደጉ ሰው ባሪያ የነበረውን ልጅ ትምህርት ቤት ለማስገባት መጣራቸው አያስደንቅም።

እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አሜሪካ ተልከው በጣና ሐይቅ ላይ ስለሚሠራ ግድብ ከአንድ የኒው ዮርክ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ኒው ዮርክ ሳሉም በሐርለም የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች መጥተው በኢትዮጵያ እንዲሠሩ ጋበዙ። ከ1922 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪ ተቀመጡ፤ አውራጃው የመልካም አስተዳደር ምሳሌ እንዲሆን መንግሥት ይፈልግ ነበር። በምድር ባቡሩ መሥመር ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሁሉ የሚያልፍበት አገር ነው።

ቢንያምና ዮሴፍ

ወደ ታሪኩ ከባድ ክፍል ደረስን።

አዛዥ ወርቅነህ ልጆቻቸውን በትምህርት አሳደጉ። ሁለቱን፣ ቢንያምንና ዮሴፍን፣ ወደ እንግሊዝ አገር ልከው በላፍቦሮ ኮሌጅ ምሕንድስና አስተማሩ። አባትዬው በግድ የተወሰዱበትን መንገድ ልጆቹ በፈቃድ፣ ስማቸውን ይዘው፣ ቤታቸው የት እንደሆነ እያወቁ ሄዱበት። ትምህርታቸውን ጨርሰውም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የተመለሱት ኢጣልያ ለወረራ በምትዘጋጅበት ጊዜ ነበር። አባታቸው በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሚኒስትር ሆነው ተሹመው ነበር። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ በየስብሰባው እየተገኙ የአገራቸውን ጉዳይ አስረዱ፤ ለመሣሪያና ለመድኃኒት መግዣ ገንዘብ ለመኑ። ያደጉበትን ቋንቋና ሥርዓት ያን ጊዜ ለኢትዮጵያ መከራከሪያ አደረጉት። በ1928 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ለንደን ሲገቡ ሌጋሲዮኑን ይዘው የቆዩት እሳቸው ነበሩ።

ልጆቹ ግን አገር ቤት ነበሩ። ጥቁር አንበሳ ከሚባለው የተማሩ ወጣቶች የበዙበት የአርበኞች ማኅበር ጋር ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዘመቱ። በመጨረሻ በጠላት እጅ ወደቁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ጭፍጨፋ አካሄዱ፤ ከዚያም የተማረ ኢትዮጵያዊ እየለቀሙ ገደሉ። ቢንያምና ዮሴፍ ከተገደሉት መካከል ነበሩ። አባታቸው መርዶውን የሰሙት በሰው አገር ነው።

ከልጅነታቸው እስከ ሽምግልናቸው ሁለት ጊዜ ጦርነት ቤታቸውን አፈረሰው፤ አንድ ጊዜ እንደ ልጅ፣ አንድ ጊዜ እንደ አባት። ልጆቻቸውን ባያስተምሩና ወደ አገር ባይመልሱ በሕይወት ይኖሩ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሊኖር ይችላል። ይህን ጥያቄ እኛ መመለስ አንችልም። በሰላም ቀን ልጁን የላከ ወላጅ ሁሉ ግን ጥያቄውን ያውቀዋል።

የመጨረሻ ዓመታት

አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ አዛዥ ወርቅነህ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት በሕይወት ነበሩ። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ላሆር፣ ኋላም ወደ ኤዲንብራ መሄድ የነበረበት ሰው በአገሩ ዋና ከተማ ኮሌጅ ሲከፈት ለማየት በቃ። በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ በ87 ዓመታቸው አረፉ።

ለእኛ የሚቀረን

ይህን ታሪክ ለኢዮቤልዩአችን የመረጥነው ልጆቻችን ሁሉ ሐኪም፣ ሚኒስትር ይሁኑ ብለን አይደለም። ማኅበራችን ሲመሠረት መጀመሪያ የተነሳው ጉዳይ በሰው አገር ስንሞት ማን ይቀብረን የሚል እንደ ነበር ነባር አባላት ያስታውሳሉ። ያ እድር ዛሬም የማኅበሩ ምሰሶ ነው። ልጆቻችን ለዩኒቨርሲቲ ከደረሱ ወዲህ ግን ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል፤ በሰው አገር ስንማር ማን ያስጠጋን የሚል።

ስለዚህ ከሐኪም ወርቅነህ ታሪክ ተነስተን በየቤቱ ልናደርገው የምንችለውን እንናገር። በቤት ውስጥ ከልጆቻችን ጋር አማርኛ እንናገር፣ ማንበብና መጻፍም እናስተምራቸው፤ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የቤታችን ቋንቋ ከሆነም እንደዚሁ። ይህን ስንል ሶማሊኛውን ይተዉ ማለታችን አይደለም። ወርቅነህ በልጅነታቸው የለመዱት የሰው አገር ቋንቋ ኋላ ለአገራቸው ጠበቃ አድርጓቸዋል፤ የልጆቻችን ሶማሊኛም ለሁለቱ ሕዝቦች ድልድይ ይሆናል። ከአገር ቤት መጥቶ እዚህ ኮሌጅ የገባ ብቸኛ ተማሪ ስናገኝ ደግሞ በእሑድ ምሳ እንጥራው። በፋሲካ፣ በመውሊድ፣ በእንቁጣጣሽ ቤት የሌለው ልጅ እንዳይኖር እንከታተል። የመኖሪያ ፈቃድና የትምህርት ማስረጃ ጉዳይ የሚያውቁ አባላት ለአዲስ ተማሪ መንገዱን ያሳዩ። ወደ ውጭ የሄዱትንም በየጊዜው እንደውልላቸው፤ ስለ ውጤታቸው ብቻ ሳይሆን እራት ምን እንደበሉ እንጠይቃቸው።

ለተማሪዎቻችንም አንድ ቃል አለን። የዚህችን ከተማ ልጅ ኤድና አዳንን ታውቃላችሁ፤ ለንደን ሄደው አዋላጅነት ተምረው እ.ኤ.አ. በ2002 በሐርጌሳ የእናቶች ሆስፒታል ከፍተዋል። እኛ ደግሞ ወርቅነህ አሉን። የጎረቤታችሁም የእናንተም ታሪክ የሚለው አንድ ነው፤ ለመማር መሄድ ያስከብራል፣ ሲመለሱ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ደግሞ ዕድል ነው። አያቶቻችሁ ጠባሳ ፈልገው ሳይሆን በድምፃችሁ እንዲያውቋችሁ እንፈልጋለን።

ሐኪም ወርቅነህን፣ ልጆቻቸውን ቢንያምንና ዮሴፍን፣ በሰው አገር የቀረውን ልዑል ዓለማየሁንም እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ተማሪዎቻችንን በያሉበት ይጠብቅልን፤ ለእንግድነታችን ስፍራ የሰጠንን የዚህን አገር ሕዝብ ሰላሙን ያብዛለት።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል!